ከማስታወቂያው በፊት ደብተሩን እዩ

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ስምንተኛ ክፍልን ሊጨርስ ለተቃረበ ወላጆች ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ባሕር ዳር እየኖሩ «የግል ይሻላል ወይስ የመንግሥት?» በሚል ሐሳብ እንቅልፍ ላጡ። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ 9ኛ ክፍል ገብቷል። ለሁለቱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መርጠናል። የመጀመሪያው ምርጫ ልጄን አንድ ዓመት፣ ቤታችንን ደግሞ ለሌላ ጉዳይ የቆጠብነውን ገንዘብ አስከፍሎናል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ምን መጠየቅ፣ ምንስ ማየት እንዳለብን አውቀን ስለነበር በእርጋታ ጨረስነው። በመካከል የሆነውን ብነግራችሁ ለአንዳችሁ እንኳን ቢጠቅም ደስ ይለኛል።

መተዳደሪያዬ ልብስ ስፌት ነው። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ከእጄ የማይለየው የተማሪ የደንብ ልብስ ነው። ልጆቻቸውን ለልክ የሚያመጡ ወላጆች ተቀምጠው ሲያወሩ ስለ ከተማዋ ትምህርት ቤቶች የማልሰማው ወሬ የለም። ግዮን፣ ጣና ሐይቅ፣ ፋሲሎ፣ በየሰፈሩ የተከፈቱት የግል ትምህርት ቤቶች፤ የክፍያው ጭማሪ፣ የሕንፃው ማማር፣ የእገሌ ልጅ ያመጣችው ውጤት። ልጁ ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ምን እንደ ተማረ የሚያነሳ ሰው ግን አይገኝም። ወሬው ሁሉ ስለ ትምህርት ቤት ሆኖ ትምህርቱ ከመካከል ይጠፋል።

ልጄ የ8ኛ ክፍል ክልል አቀፍ ፈተና የወሰደችው በ2014 ነው። ውጤቷ ጥሩ ስለነበር ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አስተያየት ነበረው። «ይህችን የመሰለች ልጅ ስድሳ ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ አታባክኑአት» አሉን። የባለቤቴ ወንድም የግል ትምህርት ቤት ስም ይዞ መጣ። ትምህርት ቤቱ በየአደባባዩ ማስታወቂያ ሰቅሎ ነበር፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ደማቅ ቁጥር። ግቢው ንጹሕ፣ በሩ ላይ ያሉት ሠራተኞች ትሑት፣ የኮምፒውተር ክፍሉ አዲስ። ባለቤቴ የጭነት መኪና አሽከርካሪ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ርቆ ነው የሚያድረው፤ በስልክ ተማክረን አስመዘገብናት።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። የወር ክፍያውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የምዝገባ ክፍያ፣ የመጽሐፍ፣ የደንብ ልብስና የስፖርት ልብስ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የትራንስፖርት፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ጭማሪ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በአሥራ ሁለት ወር አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር እስከ 12ኛ ክፍል አራት ዓመት የምትሸከሙት መሆን አለበት። በመሀል ገንዘብ አጥሮት ልጁን ያስወጣ ወላጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ልጁ ላይ የሚያሳድረው ሐዘን ከገንዘቡ ይብሳል።

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ፣ መሀል ከተማውን አልፎ። ያን ጊዜ አዲሱ ድልድይ ገና በግንባታ ላይ ነበር። መኪናው፣ ባጃጁ፣ ብስክሌቱ፣ እግረኛው ሁሉ በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ ይጋፋል። ልጄ ገና ሳይነጋ ተነሥታ፣ ቁርሷን በወጉ ሳትቀምስ ትወጣለች፤ ማታ የቤት ሥራዋን ሳትጨርስ ደብተሯ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። ምርጫውን ስናደርግ ርቀቱን እንደ ቀላል ነገር ነበር የቆጠርነው፤ «ሰርቪስ አለ» ተብሎ ታለፈ። ሰርቪስ መኖሩ የልጁን እንቅልፍ አይመልስም።

ከርቀቱ የከበደው ግን ቋንቋው ነበር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ልጄ እስከ ስምንተኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአማርኛ የተማረች ናት። አብረዋት የገቡት አብዛኞቹ ልጆች ከታች ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ የተማሩ ስለነበሩ መምህራኑም በእነሱ ፍጥነት ነበር የሚሄዱት። ልጄ እጇን ማውጣት አቆመች። ቤት ስትመጣ ስለ ትምህርት ከጠየቅኋት «ደኅና ነው እማዬ» ብቻ ትለኛለች። ደኅና እንዳልሆነ ከድምፅዋ አውቀዋለሁ፤ ምኑ ላይ እንደ ሆነ ግን አላውቅም። እኔ ራሴ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የፊዚክስ ደብተሯን ብገልጠውም ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ጥር 2015 ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሆነ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው የወሰዱት ነበር። ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ሲናገሩ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ሆኑ ተሰማ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 30 ሺህ ገደማ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ያን ሰሞን የስፌት ቤቴ ለቅሶ ቤት መሰለ። ልጆቻቸው የተፈተኑት ያዝናሉ፤ ያልተፈተኑት «የኛስ ተራ ሲደርስ?» ይላሉ።

ልጄ ያለችበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰበሰበ። አንድ አባት ተነሥተው ስንት ተማሪዎች ተፈትነው ስንቱ እንዳለፉ ጠየቁ። የተመለሰላቸው አንደኛ የወጣው ተማሪ ያመጣው ውጤት ነበር። ደግመው ጠየቁ፤ ደግሞ ሌላ ነገር ተመለሰላቸው። በአደባባዩ ማስታወቂያ ላይ ያየኋቸው ፎቶግራፎች ያን ጊዜ ትርጉማቸው ገባኝ። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ያለፉትን ነው፤ አብረዋቸው የተቀመጡት ስንት እንደ ነበሩ አይናገርም። ከፎቶግራፎቹም ውስጥ እዚያ ትምህርት ቤት የገቡት ገና 11ኛ ክፍል ላይ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ጎበዝ ሆነው መጥተው የነበሩ እንዳሉ በኋላ ከወላጆች ሰማሁ።

ስለዚህ ስትጠይቁ እንዲህ ጠይቁ፦ ባለፉት ዓመታት ስንት ተፈተኑ? ስንቱ 50 በመቶ አመጡ? «አለፉ» የምትሉት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የገቡትን ነው ወይስ 50 በመቶ ሳያመጡ በማካካሻ ፕሮግራም፣ ሪሚዲያል በሚባለው የገቡትንም ጨምራችሁ ነው? ካለፉት ውስጥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እናንተ ጋ የተማሩት ስንት ናቸው? የሚኮራበት ነገር ያለው ርእሰ መምህር እነዚህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ወረቀት አውጥቶ ያሳያችኋል። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ እንኳን በግልጽ ተናግሮ «ይህን ለማሻሻል ይህን እያደረግን ነው» የሚለው፣ ቁጥሩን ከሚሸፍነው ይበልጣል።

የኛን ነገር የለወጠው ግን የጎረቤታችን አንድ ቃል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ አስተምረው በጡረታ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ቡና ላይ ጭንቀቴን ባዋያቸው «የትምህርት ቤቱን ነገር ተዪውና ደብተሮቿን አምጪልኝ» አሉ። የፊዚክሱን፣ የሒሳቡንና የባዮሎጂውን አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎን ለጎን ዘረጓቸው፤ ማንበብ ሳይሆን ማገላበጥ ጀመሩ። ፊዚክሱ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ባዶ ነው። መምህሩ ሥራ ለቀው ሄደዋል፤ የተተካው ሰው አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይቀራል። ሒሳቡ ከሰሌዳ የተገለበጠ ምሳሌ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ራሷ የሠራችው መልመጃ የለም፤ የመምህር ቀይ እስክሪብቶ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አልነካውም። ባዮሎጂው ግን በየቀኑ ቀን ተጽፎበታል፤ ጥያቄ ተሠርቶበታል፤ የተሳሳተው ተከቦ ከጎኑ በመምህሯ እጅ አጭር ማስተካከያ አለ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፤ «ደብተር አይሸነግልም። የክፍያ ደረሰኝሽ ሙሉ ነው፤ የፊዚክስ ደብተሯ ባዶ ነው።»

ያን ቀን የደነገጥኩት በትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም። ጨርቅ ስገዛ ወደ ብርሃን ዘርግቼ፣ ድሩንና ማጉን አይቼ፣ በጣቴ ዳስሼ ነው የምገዛው። ወደ እኔ የሚመጡ ወላጆች ሁሉ ለሠላሳ ብር ቁልፍ እንዲህ ይጠነቀቃሉ። ለልጃችን አራት ዓመት ግን በሩን አይተን እንገባለን።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ መካከል የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። ለልክ የመጣ ተማሪ ቦርሳ ይዞ ከሆነ፣ ወላጁን አስፈቅጄ «እስኪ የሒሳብ ደብተርህን አሳየኝ» እላለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ቀስ ብለው ራሳቸው ማሳየት ይወዳሉ። የማየው አራት ነገር ነው። ቀን ተከታትሎ ተጽፏል ወይስ ሳምንታት ተዘልለዋል? ልጁ ራሱ የሠራው መልመጃ አለ ወይስ ግልባጭ ብቻ ነው? መምህር አይቶታል? ስሕተቱ ላይ ምልክት ብቻ ነው የተደረገው ወይስ ማስተካከያ አለው? ይህን ለማየት ሒሳብም ፊዚክስም እንግሊዝኛም ማወቅ አያስፈልግም። ያልተማረች እናት እንኳን ታየዋለች።

ያገኘሁት ነገር ከሰማሁት ወሬ ጋር አልገጠመም። ስማቸው ገናና ከሆነ የግል ትምህርት ቤቶች ባዶ ደብተር አየሁ። ዓባይ ማዶ እዚሁ ሰፈራችን ካለ፣ ማንም «ጎበዝ» ከማይለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ተከታትሎ የተሠራና የታረመ የሒሳብ ደብተር አየሁ። ተቃራኒውም ነበር፤ ጥሩ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ መምህር በወጉ የማይገባባቸው የመንግሥት ክፍሎችም አሉ። በአንዱ ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳን በክፍሎች መካከል ልዩነት አለ። ስለዚህ ከአንድ ትምህርት ቤት የአንድን ልጅ ደብተር አይታችሁ አትፍረዱ፤ ከተለያዩ ክፍሎች እዩ፤ የአንደኛ ተማሪውን ሳይሆን የመካከለኛውን ልጅ ደብተር ፈልጉ። ጎበዙ የትም ቢሆን ደብተሩን ይሞላል።

ከስፌት ሥራዬ የተማርኩት ሌላም ምልክት አለ። ጥር ላይ፣ ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ፣ አዲስ የደንብ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ልጆች ትምህርት ቤት የቀየሩ ናቸው። በየዓመቱ ከአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች በመሀል የሚለቁ ከሆነ የሚሸሹት ነገር አለ። ይህን ማወቅ ከፈለጋችሁ በሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ጠይቁ፤ ይነግራችኋል።

ልጄን በመሀል ዓመት ማውጣት አልፈለግንም፤ 9ኛ ክፍልን እዚያው ጨረሰች። ጋሼ ማታ ማታ ፊዚክሱን ከባዶ አስጀመሯት። በሐምሌ ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ልናዛውራት መሸኛዋንና ውጤቷን ስንጠይቅ የቆየ ክፍያ አለ ተባልን። ክርክሩ ሳያልቅ የ2015 ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መጣ። በክልላችን የነበረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግጭቱ ከተማችን ውስጥ ገባ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ቀርቶ ቤት መድረስ ያቃተው በዚያ ወር ነው። መሸኛው በሰኔ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጭንቀት ባልጨመርንበት ነበር። ልጃችሁን ለማዛወር ካሰባችሁ የዓመቱ መጨረሻ ውጤት በተሰጠ ሳምንት ክፍያችሁን አጥርታችሁ፣ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ መሸኛውን ተቀበሉ። ለነሐሴ አታቆዩት።

ልጄ በሰፈራችን ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ጀመረች። ትምህርቱ በዚያ ዓመት ለሁሉም ዘግይቶ፣ እየተቆራረጠ ነበር የሄደው። ነገር ግን ከቤት በእግሯ የምትደርስ ስለሆነች ትምህርት ባለ ቀን ሁሉ ትገኛለች። ከድልድዩ ወዲያ የሚማሩ የጎረቤት ልጆች ግን መንገድ በተዘጋ ቁጥር ትምህርት ቤታቸው ተከፍቶ እንኳን ይቀራሉ። አሁን አዲሱ ድልድይ ከግንቦት 2016 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ነው፤ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱም ለሁሉም የሚበቃ፤ የጠዋቱ መጋፋት ቀልሏል። ቢሆንም የልጅ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት ይሁን የሚለውን ሐሳቤን አልለወጥኩም። በክፉ ቀን ልጃችሁ ራሷ ቤት መድረስ መቻሏን አስቡ።

ቀላል ነበር አልላችሁም። ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል የተቀመጠው መመዘኛ 40 ተማሪ ሆኖ ሳለ ልጄ የገባችበት ክፍል ከስድሳ በላይ ነበር። ወንበሩ ጠቦ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ለሁሉም አልተዳረሱም፤ በስልክ የሚነበበው ቅጂ አለ ቢባልም ኢንተርኔት የለም። አንዲት እናት ከዘመዷ በፍላሽ አመጣችልን፤ አምስት ስድስት ወላጆች ገንዘብ አዋጥተን ሒሳቡን፣ ፊዚክሱንና ኬሚስትሪውን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምን፤ ልጆቹ በየተራ እየተዋዋሱ አጠኑ። ከዚያ ሒሳብ መጽሐፍ የማይማር ልጅ አልነበረም ማለት እችላለሁ። ብቻችሁን አትግዙ፤ ብቻችሁን አትጨነቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ወላጆች መደጋገፍ ከባድ ነው፤ ከተደጋገፉ ግን ይቻላል።

ያቺ ክፍል የነበራት ሀብት የሒሳብ መምህሯ ናቸው። በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ተማሪዎችን ደብተር ሰብስበው ያርማሉ፤ በወር ውስጥ ሁሉንም ያዳርሳሉ። ስድሳ ተማሪ ይዞም ይህን ማድረግ እንደሚቻል አየሁ። በእንግሊዝኛው በኩል ጋሼ ያስለመዷት ዘዴ ነው የረዳት፦ ነገ የሚማሩትን የባዮሎጂ ሁለት ገጽ ማታ ታነባለች፤ የማታውቃቸውን ቃላት በትንሽ ደብተር ትጽፋለች፤ ጠዋት ክፍል ስትገባ መምህሩ የሚናገረው ቃል እንግዳ አይሆንባትም። ልጃችሁ በአማርኛ ተምሮ ስምንተኛን የሚጨርስ ከሆነ ይህን ክረምቱን ሙሉ አስጀምሩት። መስከረም ላይ ከመጀመር ክረምት ላይ መጀመር ይሻላል፤ የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት ልጅ የሚሰበርባቸው ናቸው።

ለሴት ልጆች እናቶች የማነሳው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ስለሚያሳፍር ብቻ እየተዘለለ ልጆች ይጎዳሉ። ትምህርት ቤት ስትጎበኙ የሴቶችን መጸዳጃ ቤት ግቡና እዩ። ውኃ አለ? በሩ ይዘጋል? ልጅቷ በወር አበባዋ ጊዜ የምትለዋወጥበት ቦታ አለ? ልጄ በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ውኃ ሳትጠጣ ነበር የምትውለው፤ ይህን የነገረችኝ ትምህርት ቤት ከቀየረች በኋላ ነው። ሴት ልጅ በየወሩ ቀናት ከክፍል ከቀረች የማንም መምህር ጉብዝና ያን አይሞላውም። በአዲሱ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤቱ ጥሩ አልነበረም፤ እኛ እናቶች በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በኩል ደጋግመን አንስተን በር ተገጠመለት፤ የውኃ ማጠራቀሚያም ተቀመጠ።

11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ሲለያዩ ልጄ ማኅበራዊን መረጠች። ዘመድ አልወደደውም፤ እኔ ደገፍኳት። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥያቄ ግን 9ኛ ክፍል ስታስመዘግቡ ጠይቁ፦ ትምህርት ቤቱ እስከ 12ኛ ያስተምራል? ሁለቱንም ዘርፍ ያስተምራል? አንዳንዱ ተፈጥሮ ሳይንስን ብቻ ነው የሚከፍተው፤ ልጁ ሌላ ከፈለገ ያን ጊዜ እንደገና ትምህርት ቤት ፍለጋ ነው።

ባለፈው ዓመት የታናሹ ተራ ደረሰ። አሁን ነገሩን በሚያዝያ ጀመርነው፤ ክፍል በሥራ ላይ ሳለ። ክረምት ላይ የምታዩት ሕንፃ ብቻ ነው። በተራ የሥራ ቀን፣ ከረፍት በኋላ ሄጄ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ስንት ተማሪ ደጅ ላይ ቀረ? ስንት ክፍል መምህር የለውም? ይህን ለማየት አንድ ሰዓት ይበቃል። ጠዋት በር ላይም ቆሙ፤ ተማሪው ብቻ ሳይሆን መምህሩ መቼ እንደሚገባ እዩ። አንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መቆም አይቻልም አለኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ፤ ከዝርዝሬም አወጣሁት። ቤተ ሙከራውን አሳዩኝ ስል ቁልፉን የያዘው ሰው የለም የተባልኩበትም አለ። ቁልፍ ፍለጋ ከተኬደ ልጆቹ አይገቡበትም ማለት ነው።

ብዙ ወላጆች የማያውቁት ሌላው ነገር የኢንስፔክሽን ውጤት ነው። ትምህርት ቤቶች የግልም ይሁኑ የመንግሥት በተቀመጡ መመዘኛዎች ይመዘኑና ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይሰጣቸዋል። ደረጃ 3 ማለት መመዘኛውን አሟልቷል ማለት ነው። ርእሰ መምህሩን «ደረጃችሁ ስንት ነው? መቼ ነው የተመዘናችሁት? ዝቅ ያላችሁት በምኑ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ነው ዋናው። መምህራኑስ ስንት ዓመት ቆይተዋል? በየዓመቱ ግማሹ የሚለቅ ከሆነ ልጃችሁ በየዓመቱ ከአዲስ ሰው ጋር ነው የሚጀምረው።

ልጁንም ይዤው ሄድኩ። እኅቱ ያለችበትን ትምህርት ቤት ይመርጣል ብዬ ነበር፤ በሰፈራችን ያለ አንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት መረጠ። ማስታወቂያ የለውም፤ ሕንፃውም ዝቅ ያለ ነው። የሦስት ልጆች ደብተር አይተን ነበር፤ ሦስቱም የታረሙ ናቸው። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራኑ ለዓመታት እዚያው ያሉ ናቸው። ለትራንስፖርት የምናወጣው ስለሌለ ክፍያውን እንችለዋለን። እኅቱ የመንግሥት፣ እሱ የግል፤ ሰው ሲሰማ ግራ ይገባዋል። እኔ ከዚህ በኋላ «የግል ወይስ የመንግሥት?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም ጋር አልጀምረውም፤ «የትኛው መምህር ያርማል?» ከሚለው ነው የምጀምረው።

የ2016 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ የማለፊያውን ነጥብ አመጡ። ከፍ ብሏል፤ ግን በ2017 እንኳን ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አላለፉም። ልጄ ዘንድሮ ትፈተናለች። የምትፈተን ልጅ ያላችሁ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱና በፋይዳ መታወቂያው ላይ ያለው ስም በፊደል ደረጃ አንድ መሆኑን ከ9ኛ ክፍል ምዝገባ ጀምራችሁ አረጋግጡ። በ12ኛ ክፍል ስም ለማስተካከል መሮጥ ልጁን ከጥናት ያወጣል።

አስቀድማችሁ መርጣችሁ፣ ልጃችሁ ገብቶ፣ አሁን ደብተሩ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ወዲያው ለማስወጣት አትሩጡ። ባለፈው ኅዳር የታናሹ የኬሚስትሪ ደብተር ሳምንታት ተዘልሎ አገኘሁት። መምህሯ በወሊድ ምክንያት ቀርተው ነበር። ደብተሩን ይዤ መጀመሪያ የክፍል ኃላፊውን አነጋገርኩ፤ ሳልቆጣ፣ ገጾቹን እየገለጥኩ፣ ቀኖቹን እያሳየሁ። እሳቸው ወደ ርእሰ መምህሩ ወሰዱኝ። የሌሎች ሁለት ልጆች ወላጆችም የልጆቻቸውን ደብተር ይዘው አብረውኝ መጡ። ርእሰ መምህሩ ደብተሮቹን ጎን ለጎን አይተው አልተከራከሩም። የ10ኛ ክፍሉን የኬሚስትሪ መምህር በትርፍ ሰዓታቸው መደቡ፤ የተዘለሉትን ምዕራፎች ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ጨረሱላቸው።